የጫማ ክር ያለበት ገጽ

መጽሐፉ እስከ ዛሬ የኪያር ኮምጣጤና የደረቀ ዓሣ ይሸታል። የኳስ አሰልጣኛችን የገዙት፣ እዚህ በስደት በምንኖርበት በአውሮራ ከተማ ካለ የራሺያ ግሮሰሪ ነው፤ ልብ ወለድ ከዓሣ ጎን ከሚሸጥበት።

ይኸውልህ፣ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ከኔ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለኝም። እሳቸው በወጣትነታቸው ራሺያ የተማሩ፣ እዚህ ታክሲ የሚነዱ ሰው ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከልምምድ በፊት፣ ቫናቸውን ሎውሪ የሚባለው የኳስ ሜዳችን ዳር ፓርክ አድርገው፣ አንድ ምዕራፍ እዚያው በዚያው ወደ አማርኛ እየመለሱ ያነቡልናል። እኛ ሣሩ ላይ ተዘርረን ስልካችንን እንነካካለን።

ታሪኩ ደግሞ ታሪክ ቢሆን ጥሩ። የሆነች ጭቃ የዋጣት የራሺያ ከተማ። ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ስታዲየሙን አረም ወርሶታል፣ አንድ ጡረተኛ በረኛ ድሮ በያዛት አንዲት ፔናሊቲ ይነፋረቃል። በየምዕራፉ ያው ንፍርቅ። በመጨረሻ እነዚያ ቦርጫም ሽማግሌዎች ከጎረቤት ከተማ ጋር ሊገጥሙ ተነሱ።

"ጋሼ፣ ያሸንፋሉ?" አላቸው ከልጆቹ አንዱ።

"እኔስ መቼ አወቅኩ? ቀድሜ አላነብም። አብረን ነው የምንሰማው።"

ውሸታቸውን ነው ብዬ ነበር።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል አፌን ከፈትኩ። "ጋሼ፣ መሸነፋቸው አይቀርም፤ ከዚያ ያለቅሳሉ። ማን ኬር ያደርጋል፣ ማንስ ግድ አለው?" ልጆቹ ሳቁ። እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ከቦርሳቸው ትርፍ የጫማ ክር አውጥተው ገጹ መሃል አስቀመጡና "በሉ ተነሱ፣ ሰውነት እናሟሙቅ" አሉ። ከዚያ ወዲያ አላነበቡልንም። እኔ ግብዙ ያን ቀን ሁለት ጎል አግብቼ ስጎርር ዋልኩ።

ባለፈው ክረምት አረፉ። ባለቤታቸው ዕቃቸውን ሲያከፋፍሉ ለኔ ይሄ መጽሐፍ ደረሰኝ። ክሩ እዚያው ገጽ ላይ ነው።

"አልጨረሰውም እኮ" አሉኝ ባለቤታቸው። "ለምን አታነበውም ስለው፣ 'ልጆቹ አንብቡልን ሲሉኝ' ይለኝ ነበር።"

እኔ ራሺያኛ የት አውቄ። ያው ግሮሰሪ ወስጄ ለባለሱቋ ሰጠኋትና መጨረሻውን ንገሪኝ አልኳት። መነጽሯን አድርጋ የመጨረሻዎቹን ገጾች ገለጥ ገለጥ አደረገች። "ተሸነፉ" አለችኝ። "ሦስት ለባዶ። ከዚያ ሁሉም ወደየቤታቸው ሄዱ።"

ልክ ነበርኩ። ልክነቴ ገደል ይግባ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ እንደዚያ በረኛ ተነፋረቅኩ፤ ክሩንም ወደ ነበረበት ገጽ መለስኩት።