ካልሲው ያልወለቀ እግር

ካልሲው አልወጣ አለ። ከድጄ ጫፉን ይዛ ስትስበው የአባቷ ትንሿ ጣት ሥር ተጣብቆ ቀረ። ለብ ባለ ውሃ አርሳ ቀስ ብላ አላቀቀችው። የጠቆረ ቁስል ታየ። ጋሽ ሸረፋ አላመማቸውም፤ ስኳሩ የእግራቸውን ስሜት ከወሰደው ቆይቷል።

እናቷ ከሞቱ ወዲህ የምታስታምማቸው እሷ ናት። ቡታጅራ ገበያ የነበራትን የልብስ ስፌት ትታ ቤት ገባች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ብርቄ ያሳየቻትን አታጎድልም፦ የውሃውን ሙቀት በክርኗ ትለካለች፤ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር ታደርቃለች፤ ጥፍራቸውን ቀጥ አድርጋ ትቆርጣለች፤ ጫማቸው ውስጥ እጇን ከታ ጠጠር ትፈልጋለች። ማታ ማታ ውስጥ እግራቸውን በባትሪ ታያለች። "ከፊቴ ይልቅ እግሬን ታውቂዋለሽ" እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ለአረፋ ታላቅ ወንድሟ ሙባሪክ ከአዲስ አበባ መጣ። ለአባቱ ጥቁር የቆዳ ጫማ ይዞ ነበር። ጠበብ ይላል። ከድጄ አይሆንም አለች፤ ሙባሪክ ሲለበስ ይሰፋል አለ። ከበዓሉ በኋላም ጋሽ ሸረፋ ጫማውን ለጁምዓ ያደርጉት ጀመር። ትንሿ ጣት ሥር ቆዳው ሲደድር ከድጄ አየች። ጫማውን ካልተውከው እወስደዋለሁ አለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ እግራቸውን አላሳይ አሉ። ምክንያት ነበራቸው፦ ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ መስጊድ ታጥበው ካልሲ አጥልቀዋል፤ እግራቸውን በመታጠብ ፈንታ እስከ ነገ በላዩ ላይ በእርጥብ እጅ እያበሱ ይሰግዳሉ፤ ካወለቁት እንደገና መታጠብ ሊኖርባቸው ነው። በሃይማኖቱ የተፈቀደ መሆኑን ከድጄም ታውቃለች። ስትታጠብ ቁስል አላየህም ወይ ብላ ጠየቀች። ምንም የለም አሏት። አባቷ ናቸው፤ አመነቻቸው። አንድ ሳምንት እንዲህ አለፈ።

ያጋለጣቸው ሽታው ነው።

ከድጄ ከቁስሉ ጠርዝ ላይ ክብ ፕላስተር አነሳች። የደደረ ቆዳ የሚልጥ መድኃኒት ያለበት ነው። ስኳር ያለበትን ሰው እግር ያቃጥላል፣ አጠገቡ እንዳይደርስ ብላ ብርቄ አስጠንቅቃት ነበር።

"አባ፣ ይሄን ማን ሰጠህ?"

ጋሽ ሸረፋ ግድግዳውን አዩ።

"ሙባሪክ ነው የላከልኝ። አንቺ ካየሽ ጫማውን እንደምትወስጂብኝ ነገርኩት። እንግዲያው አታሳያት አለኝ።"

"አንተስ?"

"ልጄ ያመጣልኝ ጫማ ነው።"

ከድጄ ቁስሉን በንጹህ ፋሻ ሸፈነች። ባጃጅ አስጠራች። እስኪመጣ ሙባሪክ ጋ ደውላ ያየችውን ነገረችው።

"አንቺ ቤት ቁጭ ብለሽ ነው እግሩ እንዲህ የሆነው?" አለ።

ድምፁ ለጋሽ ሸረፋም ይሰማል። ከድጄ ወደ እሳቸው ዞራ እንዲናገሩ ጠበቀች። እሳቸው አንደኛውን ካልሲ እያጣጠፉ ነበር።

ሆስፒታል ሁለት ጣታቸው ተቆረጠ። አሁን አዲስ አበባ፣ ሙባሪክ ቤት ይኖራሉ። ከድጄ ወደ ስፌቷ ተመልሳለች።