«እህቴ እንውጣ ስላለችኝ»

ሥራዋ የሰውን ምክንያት ወደ ቁጥር መለወጥ ነበር። አገሩ ከጎረቤቶቹ ጋር ከመሠረተው ኅብረት ይውጣ ወይስ ይቆይ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ «እንውጣ» ያለው ወገን በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። ማንም አልጠበቀውም ነበርና ሁሉም ለምን እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። የጥናት ቢሮው ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው «ለምን እንዲህ መረጡ?» እያሉ የሰበሰቡት መልስ በካርቶን ታጭቆ እሷ ጠረጴዛ ላይ ይወርዳል። አንብባ ከጎኑ ቁጥር ትጽፋለች። የኑሮ ውድነት አንድ፣ የሥራ እጦት ሁለት፣ በመንግሥት መከፋት ሦስት፣ የቤተሰብ ግፊት ዘጠኝ። የትም የማይገባው «ሌላ» ይባላል፤ እሱ አሥራ ሁለት ነው። ዕድሜዋን የፈጀችበት ሥራ ስለሆነ ባልደረቦቿ «እትዬ ቁጥር» ይሏታል።

ባሏ የሞተው ለድምፅ መስጫው ዘጠኝ ቀን ሲቀር ነው። እሷ ልትመርጥ አልሄደችም፤ ለምን ብሎ የጠየቃትም የለም። ሥራ ስትመለስ «አይዞሽ፣ ጊዜ ያሽረዋል» አሏት። የሚሽር ቁስል ብትፈልግ ግን አጣች። አላለቀሰችም። ጥርስ ሊነቀል በመርፌ እንደደነዘዘ መንጋጋ፣ ሁለመናዋ ቢነኩት የሌላ ሰው ይመስላት ነበር። እጇ እንዲያውም ፈጠነ። «ልጄ ሥራ አጥቶ ቤት ስለሚውል» ሁለት። «ሚኒስትሩ ሲናገሩ ስለሚያናድዱኝ» ሦስት። «ወረቀቱ ላይ ቀድሞ የታየኝ እሱ ስለሆነ» አሥራ ሁለት።

አንድ ጠዋት አለቃዋ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። በዕድሜ ልጇ ይሆናል፤ ቢሮው ሁሉ «ዶክተሩ» ይለዋል።

«እትዬ፣ አሥራ ሁለት በዛብን። ከአምስት መልስ አንዱ 'ሌላ' ሆነ እኮ።»

«ያሉት እንደሱ ነዋ።»

«ይገባኛል። ግን ሬዲዮ ቀርቤ ሕዝቡ የመረጠው በሌላ ምክንያት ነው ልበል? መሳቂያ መሆኔ ነው። እስቲ እንደገና ይዩልኝና የሚጠጋጋውን ያጠጋጉት።»

ድሮ ቢሆን አፍንጫህን ላስ ባትለውም ትሟገተው ነበር። «እሺ» አለችው።

ሦስተኛው ካርቶን ውስጥ እንዲህ የሚል አገኘች፦ «እህቴ እንውጣ ስላለችኝ።» ስም አይጻፍም። ከላይ ግን ወንድ፣ ስልሳ አንድ ዓመት፣ ሰዓት ጠጋኝ ይላል፤ የሰፈሩም ቁጥር አለ። በዚያ ሰፈር ያለው ሰዓት ጠጋኝ አንድ ነው፤ እሱም ታላቅ ወንድሟ ነው። ከእሷ ሌላ እህት የለውም። አሥራ ሁለት ብላ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈችበትም ራሷ ነበረች፤ ያኔ ልብ አላለችውም።

በምሳ ሰዓት ሱቁ ሄደች። ማጉያውን ከዓይኑ ሳያወርድ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ በምርጫው ምን ብዬህ ነበር?»

«እንውጣ ነዋ! ረሳሽው?»

«የት?»

«ሆስፒታል፣ ኮሪደሩ ላይ። እኔ ጨንቆኝ የባጥ የቆጡን ስቀባጥር የምርጫውን ነገር አነሳሁብሽ። 'አንቺስ ምን ትያለሽ፣ እንውጣ እንቆይ?' አልኩሽ። 'እንውጣ' አልሽኝ። እኔማ እንቆይ ልል ነበር። አንቺ ግን ወረቀት ላይ ተደፍተሽ የምትውዪ ሰው ነሽ፤ ሳታውቂ አትናገሪም ብዬ ነው።»

አስታወሰች። ሐኪሙ ገና ከክፍሉ መውጣቱ ነበር። ከዚህ በላይ የምናደርግለት የለም፣ እዚህም ሊቆይ ይችላል፣ ቤቱም ልትወስጂው ትችያለሽ፣ አስቢበት ብሏት ሄደ። ወንድሟ ሲያወራ ድምፁን እንጂ ቃሉን አልሰማችም። በሩን እያየች ነበር። «እንውጣ» ስትል ባሏን ይዘን ከዚህ እንውጣ ማለቷ ነበር። በዚያው ከሰዓት ይዘውት ወጡ፤ በሦስተኛው ቀን አልጋው ላይ ሞተ።

«ምነው፣ ተሳሳትኩ እንዴ?» አለ ወንድሟ፣ ፊቷን አይቶ።

ልትነግረው አፏን ከፈተች። አንዲት ሴት የእጅ ሰዓት ይዛ ገባች።

«የለም፣ ልክ ነህ» አለችው።

ቢሮ ተመልሳ አሥራ ሁለቱን ሰረዘችና ዘጠኝ ጻፈች፤ የቤተሰብ ግፊት። በሳምንቱ መጨረሻ «ሌላ» ከመቶ አራት ብቻ ሆነ፤ ዶክተሩም እጇን ጨብጦ አመሰገናት።

ሬዲዮ ላይ ጥሩ ተናገረ። ከአሥር መራጭ አንዱ የራሱን ሐሳብ ትቶ በቤተሰብ ግፊት እንደመረጠ፣ ይህም ምን ያህል እንደሚያሳስብ አብራራ። ገና ሳይጨርስ ወንድሟ ደወለ።

«ሰማሽው? በሰው ግፊት የሚመርጥ አለ አሉ! እንዲህ ያለውን ይዘን የት እንደርሳለን?»

«እንጃ ጋሼ።»

«ምሳ በልተሻል?»

«በልቻለሁ።» አልበላችም።

«ድምፅሽ ደስ አላለኝም። እሁድ እመጣለሁ።»

እሁድ መጣ። ወጥ ቤት ገብቶ ብዙ ቆየ፤ ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማታል። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

«የቧንቧው ጎማ አልቆ ነው፤ ቀየርኩት። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚንጠባጠበው?»

አላወቀችም። ሲንጠባጠብ አልሰማችውም ነበር።