በባላ የተለካ አፈሙዝ

ካሱ የምንሽሩን አፈሙዝ ያስቆረጠው በጋቢ ስር ደብቆ ማርቆስን ሊገድልበት ነው ተባለ። ወሬውን ከኩልፎ ወንዝ ዳር ወደ ሲቀላ ሰፈር ያደረሰው ማን እንደሆነ ባይታወቅም፣ ከፍጥነቱ ባጃጅ ሳይሳፈር አልቀረም። ሴቻ ሲደርስ ደግሞ ምክንያት ተጨመረለት፤ የድንበር ጠብ። በአርባ ምንጭ ሙቀት በቀትር ጋቢ የደረበ ሰው ጠመንጃ ባይዝ እንኳ ያስጠረጥራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ አይደለም። ካሱ የድንበር ጠብ ይቅርና ድንበርም የለው። የሰው ሙዝ ጠባቂ ነው። በጎልማሳነቱ ከጨንቻ ደጋ ሲወርድ ይዞት የመጣው ንብረት ከአባቱ የወረሰው፣ ፈቃድ ያለው ምንሽር ብቻ ነበር። ምንሽሩ ረጅምና ከባድ፣ ካሱ አጭርና ቀጭን። “ማን ማንን እንደተሸከመ ለመለየት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል” እያለ የሚቀልድበት ራሱ ማርቆስ ነበር። ማርቆስ ካሱ ከሚጠብቃቸው ማሳዎች የአንዱ ባለቤት ነው፤ ምሳቸውን ከአንድ ሳህን የሚበሉ ጓደኛሞች ነበሩ።

ሙዝ ፍሬው ሲከብደው እንዳይወድቅ በባላ ይደገፋል። ፍሬ በያዘ ማሳ ውስጥ መሄድ ባላ ለባላ መሽሎክሎክ ነው። አንድ ጠዋት ከርከሮ ገብቶ ሁለቱም ተከተሉት። ካሱ አነጣጥራለሁ ብሎ ሲዞር አፈሙዙ ባላው ላይ ተቀረቀረ። ባላው ተነቀለ፣ ሙዙ ከነፍሬው ተገነደሰ፣ የደነበረው ከርከሮም መውጫውን በማርቆስ ባት በኩል አደረገ። ቁስሉ ዳነ። ማነከሱ ግን አብሮት ቀረ።

“ይህን የስልክ እንጨት አሳጥረው” አለ ማርቆስ።

“አፈሙዝ ካጠረ ሩቅ አይመታም።”

“ሙዝ ውስጥ ምን ሩቅ አለ? እዚህ ቆመህ ጫሞ ሐይቅን ልትመታ ነው እንዴ?”

“ሜዳ ላይስ?”

“ሜዳ ላይ ማን ቀጠረህ?”

ካሱ ከቆረጡም ስንዝር ያህል ብቻ ይቆረጥ ማለት ፈልጎ ነበር። ዓይኑ የማርቆስ እግር ላይ ሲያርፍ አፉን ያዘ። ያን ባት ያስቀደደው የእሱ ጠመንጃ ነው፤ በምን አፉ ይከራከር?

ጌዲዮን ሲቀላ ውስጥ በርና አልጋ በያጅ ነው። ጠመንጃ ቆርጦ አያውቅም፤ አላውቅም ማለትም አያውቅም። “ስንት ላድርገው?” ሲል ማርቆስ ይዞት የመጣውን ባላ አቀበለው። በሁለት ሙዝ መሀል ያለውን ክፍተት ለክቶ የቆረጠው ነው። “ጠመንጃው በሙሉ ከዚህ እንዳያልፍ።”

“ኋላ አጠረብን ብትሉ አልቀጥልም። አልጋ አይደለም።”

“ቁረጥ እንጂ ወንድሜ! የምንለካው ለሙዙ ነው።”

የጥይቱን መንገድ የለካ ግን አልነበረም። የፊተኛው ማነጣጠሪያ ከተቆረጠው ብረት ጋር አብሮ መሬት ወደቀ። ጌዲዮን ቁራጭ ሚስማር በዓይኑ ገምቶ በየደበት። ካሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየበት፤ ሚስማሩ ወደ ጎን ያዘመመ መሰለው። “ለአሥር እርምጃ ይበቃል” አለው ጌዲዮን።

ለአሥር እርምጃ በቃ። ድምፁ ጆሮ ቢበጥስም ምንሽሩ ቀለለው፤ ከባላ ባላ እያሾለከ ከርከሮውን ከአፍንጫው ስር ይጥለው ጀመር። ማርቆስም “አላልኩህም?” ማለት አልሰለቸውም።

በበልግ መግቢያ ኩልፎ ደፈረሰ፤ የማርቆስ ፓምፕ ውሃ የሚስብበት ቱቦ በደለል ተደፈነ። ማርቆስ ሱሪውን ሰብስቦ ሊጠርግ ገባ። ካሱ ከወንዙ ማዶ፣ ገላጣው ላይ ነበር። አዞው ከየት እንደመጣ አላየም። ያየው ማርቆስ ወደ ዳር ሲዞር፣ ጤነኛው እግር ወጥቶ አንካሳው ውሃ ውስጥ ሲቀር ነው።

“ካሱ! ካሱዬ፣ በለው!”

ካሱ ተኮሰ። ውሃው ከአዞው ክንድ ያህል ርቆ ወደ ላይ ተረጨ። እንደገና አጎረሰ። በዚህ መሀል ማርቆስ ቃል ማውጣት ትቶ ነበር፤ የሚጮኸው የሰው ጩኸት አይመስልም። ካሱ ትንፋሹን ያዘ፣ ለማነጣጠር ከመጀመሪያው ይልቅ ቆየ፣ ተኮሰ። ውሃው እዚያው ጎን ተረጨ። ከዚያ ወንዙ በማርቆስ ላይ ተከደነ።

አስከሬኑን ጫሞ ዳር ያገኙት አሣ አስጋሪዎች ናቸው። ፖሊስ የጥይት ምልክት ፈልጎ አጣ። ምንሽሩን አስቀርቶ ካሱን ለቀቀው። ወሬው ግን አለቀቀውም፤ ለቅሶ ድንኳኑ ድረስ ተከትሎት ገባ። እሱ ሲቀመጥ አጠገቡ የነበሩት ሁለት ሰዎች አየር የፈለጉ ይመስል ተነሡ።

የማርቆስ ሚስት ወርቂቱ ይህን አይታ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች።

“ባሌን የበላው አዞ ነው! ይሄ ሰውዬ ሊያድንልኝ ነው የተኮሰው። አንዴ ሳተው፣ ደግሞ ተኮሰ። ሌላ ወሬ ያለው ከቤቴ ይውጣልኝ!”

የተነሡት ሁለቱ ተመልሰው ተቀመጡ። አንድ ሽማግሌ የካሱን ትከሻ ያዝ አድርገው፣ “አይዞህ ልጄ፣ ያቅምህን አድርገሃል” አሉት። ስሙ ጠርቶለት ነበር፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። እሱ ግን የያዘውን ንፍሮ ሳህኑ ላይ መለሰና ቀና ብሎ ወርቂቱን አያት።

“ሁለተኛዋ ጥይት ለአዞው አልነበረችም። ለማርቆስ ነበረች፤ በቁሙ እንዳይበላ ብዬ። በእሷም ሳትኩት።”