ወደ ሂትሮው፣ ከሚያለቅሱ ጀግኖች ጋር

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከሰፈራችን ከኬኒንግተን ተነሣን። የጉዟችን ዓላማ ጎረቤቴን ጋሽ መኳንንትን ይዤ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ መድረስና ከጎጃም የሚመጡትን ታናሽ ወንድማቸውን መቀበል ነው። ወንድማማቾቹ ከተለያዩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ጋሽ መኳንንት ከረባት አስረዋል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ይዘዋል። እኔ ደግሞ የማታ ትምህርቴን መጽሐፍ ይዣለሁ። በጥንት ግሪኮች ግጥም ውስጥ ጀግና ማለት ምን እንደሆነ ሰኞ ክፍል ውስጥ ማስረዳት አለብኝ።

ኤሌፋንት ኤንድ ካስል

ከአውቶቡስ ወርደን ከአንዲት ኮሎምቢያዊት ሱቅ የስጋ ኢምፓናዳ ገዛን። አንዱ ሦስት ፓውንድ ነው፤ ሳምቡሳ የሚያውቅ ሰው ባዳ አይሆንበትም። ጋሽ መኳንንት ለወንድማቸው ሁለት አስጠቀለሉ።

"አውሮፕላን ላይ የሚሰጡት ነገር ለሰው አይሆንም" አሉ። እሳቸው የተሳፈሩት አንዴ ብቻ ነው፤ ያኔ የቀረበላቸውን ምግብ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉትም።

ባቡር ውስጥ እንደተቀመጥን "በይ ጥናትሽን ለእኔ አስረጅኝ፤ መንገዱ ረጅም ነው" አሉኝ። የግሪክ ጀግኖች ከመዋጋታቸው በፊት ቆመው የአባት የአያታቸውን ስም ለጠላት እንደሚዘረዝሩ ነገርኳቸው። በደስታ ወለሉን በጃንጥላው መቱት።

"ይሄማ ፉከራ ነው! እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው!"

"ሞት እንደማይቀር ያውቃሉ። የሚመኙት ስማቸው በዘፈን እንዲነሣ ነው።"

"ልክ ነዋ! ቀጥዪ።"

"ደግሞ ያለቅሳሉ፣ ጋሼ።"

"ማን?"

"ጀግኖቹ። ወዳጅ ሲሞትባቸው፣ አገራቸው ሲናፍቃቸው። ሠራዊት ፊት የሚያለቅሱም አሉ።"

"ተይ እባክሽ! በሰው ፊት? እንግዲያው ጀግና አይደሉም፤ ሰርዣቸዋለሁ" ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መስኮቱ የሚያሳየው የዋሻውን ጨለማ ብቻ ነበር።

ፒካዲሊ መስመር

ባቡር ቀየርን። ብዙ ከሄድን በኋላ ከዋሻው ወጥተን የጓሮ አበባና የተሰጣ ልብስ ማየት ጀመርን። ጋሽ መኳንንት ሰዓታቸውን ያያሉ።

"እስቲ አውሮፕላኑ ላንድ አድርጎ እንደሆነ ቼክ አድርጊልኝ" አሉኝ ደጋግመው።

"ገና ነው ጋሼ። ምን ያስጨንቅዎታል?"

ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። "አባታችን ሲሞት የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም፤ መሄድ አልቻልኩም። የቀበረው ወንድሜ አበረ ነው። ዛሬ ዓይኑን ሳይ እንባዬ እንዳይቀድመኝ ነው የምፈራው። ታላቁ እኔ ነኝ። ታላቅ ታናሹ ፊት ካለቀሰ ምን ቀረው?"

አንጀቴን በሉት። መጽሐፌን ዘጋሁ።

ሂትሮው

መቀበያው ውስጥ ፊኛ የያዙ ቤተሰቦችና የስም ጽሑፍ ያነገቡ ሾፌሮች ተሰልፈዋል። ጋሽ መኳንንት "ልጅ እኮ ነው" ሲሉ ስለኖሩ ጎልማሳ ስጠብቅ፣ ጋቢ የደረቡ ሸበቶ ሽማግሌ ሻንጣ እየገፉ ብቅ አሉ። ጋሽ መኳንንት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ። እንባውን ሊያባርሩት ነው መሰለኝ፣ ጃንጥላውን እንደ ጦር ሰበቁት።

"ዘራፍ!"

አንዲት ሕፃን ፊኛዋን ይዛ እናቷ ጀርባ ተደበቀች። የጥበቃ ሠራተኛው ቶሎ መጥቶ "ሰውዬው ደህና ናቸው?" ሲለኝ "ወንድማቸውን ሰላም እያሉ ነው" አልኩት። እሱ ጃንጥላውን፣ እኔም እሱን እናያለን።

"ዘራፍ! የ... የ..."

የአባታቸው ስም ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ። ይሄኔ ጋሽ አበረ ሻንጣውን ለቀው ባለ በሌለ ድምፃቸው ሞሉላቸው።

"የፈንቴ ልጅ!"

ጃንጥላው ወደቀ። ጋሽ መኳንንት የወንድማቸው ትከሻ ላይ ተደፍተው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ፤ ጋሽ አበረም አለቀሱ። እኔማ ቀድሜያቸው ነበር። የጥበቃ ሠራተኛው ጃንጥላውን አንሥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝና ዞር አለልን።

ወደ ኬኒንግተን

በመልሱ መንገድ ወንድማማቾቹ የቀዘቀዘውን ኢምፓናዳ ተካፍለው ሲበሉ፣ በአባታቸው ቁጣና በበቅሏቸው አመል ሲስቁ መጡ። መጽሐፉን አልከፈትኩትም። የጀግና እንባ ድክመቱ ይመስለኝ ነበር፤ ሲፎክር የጠራውን ስም ምን ያህል እንደሚወደው መናገሪያው መሆኑን ያየሁት ዛሬ ነው።

በራችን ላይ ስንሰነባበት ጋሽ መኳንንት ጠሩኝ።

"ትምህርትሽ ሰኞ ነው አይደል?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እነዚያን የሰረዝኳቸውን ሰዎች..." አሉና ወደ ወንድማቸው ዞረው አዩ። "መልሻቸዋለሁ።"