በአንገር ቁልቁለት የጠፋ ሞተር

ባለፈው ወር ከባኮ ወደ ነቀምቴ ስመለስ፣ አንድ ሰውዬ ክዳኑን በፌስታል ያሰረውን የናፍጣ ጄሪካን ከተቀመጥኩበት ወንበር ሥር ወሸቀውና ሲሬ ሳንደርስ የቀሚሴ ጫፍ ራሰ፣ ጫማዬ ውስጥ ገባ፣ ሽታውም ጉሮሮዬ ላይ ተቀመጠ። ያልሰደብኩት ስድብ የለም። ረዳቱም ተሳፋሪውም ዘወር ብለው እስኪያዩኝ ጮህኩ። ሰውዬው ግን ረጋ ብሎ «ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ ናፍጣ እኮ ሰው አይገድልም» አለኝና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ቤቴ ገብቼ ቀሚሱን በሳሙና አጠብኩት፣ በሎሚ አሸሁት፣ በአመድ ፈተግሁት፤ አልለቅ ሲለኝ ጓሮ አውጥቼ አቃጠልኩት። አርባ ዓመት ያለፋት የመንግሥት ሠራተኛ በአንድ ጄሪካን ናፍጣ ምክንያት ቀሚስ ታቃጥላለች ወይ ትሉ ይሆናል። እኔ ናፍጣን የምጠላው በምክንያት ነው። ምክንያቴም አራት ጎማ ነበረው፣ ነጭ ነበር፣ ስሙም ጢቆ ነበር።

ጢቆ በኦሮምኛ ትንሽ ማለት ነው፤ ስሙን ለመኪናዋ ያወጣላት የነቀምቴው የባኬ ጃማ ሰፈር ሕዝብ ነው። አባቴ መምህር ሙሉቀን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። በአንድ በር የሚገባበት፣ ሁለት ቤት ፊት ለፊት የቆመበት ግቢ ውስጥ አንደኛውን ተከራይተን እንኖር ነበር፤ በሌላኛው ደግሞ እዚያው ትምህርት ቤት አፋን ኦሮሞ የሚያስተምረው ኦቦ ገመዳ፣ ሚስቱ አዴ በሊሴና ልጃቸው ጫልቱ ይኖሩ ነበር። ሁለቱ ወንዶች ወዳጅነታቸው የጠና ስለነበር ብቻቸውን የማይደፍሩትን ነገር አብረው ደፈሩና አንዲት ትንሽ፣ አሮጌ የናፍጣ መኪና በጋራ ገዙ። «ቤንዚን ለነጋዴ፣ ናፍጣ ለአስተማሪ» ይል ነበር አባቴ። ሞተሯ የጤፍ ወፍጮ የዋጠ ይመስል ከመጠኗ በላይ ይጮህ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት፣ ጭጋጉ ከኮምቶ ጫካ ሳይነሳ፣ ግቢያችን ውስጥ ስትቀሰቀስ የአቮካዶው ዛፍ ቅጠል ሁሉ የሚንቀጠቀጥ ይመስለኝ ነበር።

መኪናዋ አንድ ሳምንት የእኛ፣ አንድ ሳምንት የእነሱ ነበረች። ርክክቡ እሁድ፣ ኦቦ ገመዳ ከጸሎት ቤት፣ አባቴም ከቤተ ክርስቲያን ከተመለሱ በኋላ ነው፤ ሕጉም አንድ ብቻ ነበር፦ ሞልተህ ተረከብክ፣ ሞልተህ አስረክብ። ጠቡ የተጀመረው «ሙሉ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ለኦቦ ገመዳ ሙሉ ማለት ቀጂው «በቃ» ሲል ነው። ለአባቴ ሙሉ ማለት ደግሞ ማደያው ላይ መኪናዋን ከጎኗ ይዞ እያወዛወዘ፣ በናፍጣ ጋኗ ውስጥ የተደበቀውን አየር አስወጥቶ፣ ከኋላው የተሰለፈው ሾፌር ጡሩምባ እየነፋ እስኪሰድበው ድረስ እስከ አንገቷ ሲያጠጣት ነው።

አባቴ መኪና አይነዳም ነበር፤ የፈተና ወረቀት ያርም ነበር ማለት ይቀላል። ከስልሳ በላይ አይሄድም። ንፋስ ይገባል፣ ንፋስ ደግሞ ናፍጣ ይበላል ብሎ መስኮት አያስከፍትም። ከጣሪያዋ ላይ የዕቃ መጫኛውን ፈታ፣ ምንጣፉን አወጣ፣ የሲጋራ መተርኮሻውን ሳይቀር ነቀለ። መንገድ ላይ ዘመድ ቆሞ እጁን ሲያውለበልብ እያየ፣ «ሰማንያ ኪሎ ነው እኮ» ብሎ ያልፈዋል። እናቴ ስንት ዘመድ በዚህ እንደተቀየማት እሷ ታውቃለች። ኦቦ ገመዳ በተቃራኒው ሞተሯን ጠዋት ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ያስነሳትና «ሞተር እንደ ሰው ነው፣ ሳይነቃ ሥራ አታዘውም» ይላል፤ ጥቁሩ ጭስ እናቴ ያሰጣችው አንሶላ ላይ ያርፋል። ሲሄድ በግ ይጭናል፣ የገብስ ጆንያ ይጭናል፣ አክስት ይጭናል።

«ገመዳ፣ ይቺ መኪና በእኔ እጅ በሊትር ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ በአንተ እጅ አሥራ አምስት። ልዩነቱን ማን ጠጣው?»

«ሙሉቀን፣ እኔ የገዛሁት መኪና ነው፣ ጾመኛ አልገዛሁም።»

መጀመሪያ ይስቁ ነበር። በኋላ ኦቦ ገመዳ ብቻ ሳቀ፣ ከዚያ ማንም አልሳቀም። እናቴና አዴ በሊሴ በልብስ ማስጫው ገመድ ተጣሉ፤ እሁድ የመኪናዋ ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ቀርቶ የአጥሩ ግንድ ላይ ይሰቀል ጀመር። በዚያ ግቢ ውስጥ ያልተኳረፍነው እኔና ጫልቱ ብቻ ነበርን። ሁለታችንም አሥር ዓመታችን ነበር። መኪናዋ ቆማ ሳለ የኋላ ወንበሯ ላይ ገብተን፣ በፀሐይ የጋለውን ፕላስቲክ እያሸተትን፣ እሷ በኦሮምኛ እኔ በአማርኛ ስናወራ እንውላለን፤ የማን ሳምንት እንደሆነ ግድ አልነበረንም።

በዚያ ዓመት በጥር ዕረፍት አባቴ ጊዳ አያና ሊሄድ ሆነ። እናቴ ከወሎ መጥተው እዚያ የሰፈሩ ገበሬዎች ልጅ ነበረችና አያቶቼ ማርና ቅቤ አስቀምጠውልን ነበር። ጫልቱ ካልሄደች አልሄድም ብዬ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። አዴ በሊሴ መጀመሪያ እንቢ ብላ በኋላ እሺ አለች፤ ሻሿን አስተካክላላት፣ ሁለት ሙዝ ሰጥታ ላከቻት። ኦቦ ገመዳ ከደጃፉ ሳይወርድ፣ «ባለፈው ሳምንት የፍሬኑን ሸራ አስቀይሬያለሁ» ብሎ ለአባቴ ተናገረ። አባቴ «የት? እዚያ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ርካሽ መካኒክ?» አለና በሩን ዘጋው።

መንገዱ ወደ አንገር ሸለቆ መውረድ ሲጀምር አባቴ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ፤ ማርሹን ነጻ አወጣና ቁልፉን ወደ ኋላ አዞረው። ሞተሩ ጠፋ። ለእኛ ለልጆቹ ከጉዞው ሁሉ የሚጥመን ይኼ ነበር፤ ያ ሁሉ ጩኸት በአንዴ ቆሞ፣ ጠጠሩ ከጎማው ሥር ሲንኮሻኮሽ፣ ከጫካው ውስጥ የዋኔ ወፍ ድምፅ ሲገባ። ጫልቱ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ስሚ» አለችኝ። አባቴ በመስተዋቱ አየንና ፈገግ ብሎ «አሁን የምንሄደው በነጻ ነው» አለ።

ከአንዱ መታጠፊያ ባሻገር ከብቶች ወደ ውኃ እየወረዱ መንገዱን ሞልተውት ነበር። አባቴ ፍሬን ረገጠ፤ ደግሞ ረገጠ። ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑ ጉልበትም አብሮ ይጠፋል፤ ሁለት ሦስቴ ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይደድራል። በመቀመጫው ላይ ቆሞ ሲረግጥ አይቼዋለሁ። ከዚያ መሪውን ጠመዘዘ፣ ቦዩ ውስጥ ገባን፣ በጫልቱ በኩል ያለው ጎኗ ከገደሉ ግድግዳ ጋር ተላተመ። ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ይዛ፣ ክርኗ ወዳልተፈጠረበት አቅጣጫ ታጥፎ ስታየው ነው የማስታውሳት።

አባቴ መጀመሪያ ያደረገው እሷን ማውጣት ነበር፤ ይህንን ልክደው አልችልም። ሻሿን ፈትቶ ክንዷን አሰረላት። ቀጥሎ ግን ተመልሶ ገባና፣ ከብት የሚነዱት ሰዎች ሮጠው ሳይደርሱ፣ ቁልፉን ወደ ፊት አዞረው። ከዚያ እኔ ዘንድ መጣ፣ ተንበረከከ፣ ከግንባሬ ላይ ደም ጠረገልኝ።

«ትርንጎ፣ ሞተሩ እየሠራ ነበር» አለኝ። «አይደል?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሌዎቹ፣ ጃርሶሊ የምንላቸው፣ ግቢያችን ውስጥ ወንበር ተደርጎላቸው ተቀመጡ። አባቴ ፍሬኑ ከዳኝ አለ። ኦቦ ገመዳ ፍሬኑን በሙሉ አሳድሼዋለሁ፣ ሌላ ነገር ቢኖር ነው አለ። ጫልቱ ክንዷ እስከ ትከሻዋ በጀሶ ታስሮ መጣችና ፊታቸው ቆመች።

«መኪናዋ ዝም ብላ ነበር» አለች። «ዋኔ ሰምቻለሁ።»

ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንታሎ፣ ልጄ፣ አትፍሪ። ሞተሩ ይሠራ ነበር ወይስ ጠፍቶ ነበር?»

ጫልቱ አየችኝ። እርግጠኛ ነበረች፤ እኔን መጠራጠር ከቶ አልመጣላትም ነበር። የአባቴን ጫማ አየሁ፤ ለዚያ ቀን ተብሎ በደንብ የተወለወለ ጫማ።

«ይጮህ ነበር» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ሕመሙ ነው፣ ድንጋጤው ነው፣ ልጅ ያልሰማችውን ሰማሁ ትላለች ብለው ተስማሙ። ፍሬኑን ያሠራው ገመዳ ነው፤ ስለዚህ ይቅር ተባባሉ፣ እግዜር ያመጣው ነው አሉ። ኦቦ ገመዳ ተነሥቶ «ልጄ አትዋሽም» አለ። አዴ በሊሴ ግን ባሏን ስታየው አየኋት፤ የአባቴን ጫማ ማየት ትቼ እሷን በማየቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፊት ለፊቱ ቤት የሚሰማው አንድ ነገር ነበር፦ «ርካሽ መካኒክ ፈልገህ የልጄን አካል አጎደልክ።» ትምህርት ቤት ውስጥ ጫልቱን ሶብዱ፣ ውሸታሟ፣ ይሏት ጀመር። ክንዷ ከጀሶው ሲወጣ ከክርኗ አልዘረጋ አለ። እኔን አንድ ቀንም አልሰደበችኝም። ልክ እንደሌለሁ አድርጋ በአጠገቤ ታልፍ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ወደ ጊምቢ ተዛውረው ሄዱ።

መኪናዋ ተጎትታ መጥታ አቮካዶው ሥር ቆመች። አባቴ አላሠራትም፣ አልሸጣትም፤ ዶሮዎች እንቁላል ጣሉባት፣ ጎማዋ ተነፈሰ፣ በመጨረሻ ቁራሌ አፍርሶ ወሰዳት። አባቴ ግን ጡረታ ከወጣም በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር «በሊትር ሃያ ሁለት ትሄድልኝ ነበር» ማለቱን አልተወም። በዚያች ቃል ጠላሁት። ሲታመም አስታመምኩት፣ ሲሞትም አለቀስኩ፤ ስለዚያ ቀን ግን እሱ አላነሳም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ከሞተ በኋላ አንድ የናፍጣ መካኒክ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። መኪና ቁልቁለት ላይ በማርሽ እየወረደች እግርሽን ከነዳጅ መስጫው ካነሳሽ ፖምፓው ናፍጣ መስጠቱን ያቆማል ማለት ይቻላል አለኝ። «ሞተር ማጥፋት ምንም አያተርፍም እኮ፣ ፍሬን ነው የሚያሳጣው። ማነው ይህንን ያስተማረሽ?» አለ። የሒሳብ አስተማሪ ነው ማለት አሳፈረኝ።

ባለፈው ዓመት ለመሥሪያ ቤቴ ሥራ ጊምቢ ሄጄ ጨጓራዬ ተነሣብኝና አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ሴት ወረቀቱን በግራ እጇ ተቀበለችኝ። ቀኝ ክንዷ ደረቷ ላይ እንደታጠፈ ነበር።

«ትርንጎ ነሽ» አለችኝ፤ መጠየቋ አልነበረም።

«ጫልቱ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ነበር» አልኳት። ሰላም እንኳ ሳልላት።

«ይህንን ለእኔ ትነግሪኛለሽ? እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ።» መድኃኒቱን ከመደርደሪያው አወረደች፣ ቀኑን አየች። «ክንዴን ለምጄዋለሁ። ሶብዱ ያሉኝም እዚያው ነቀምቴ ቀሩ። እናቴ ግን አባቴን ሳትምረው ሞተች። አንድ ገበታ ላይ ይቀመጣሉ፣ ዓይኑን አታየውም። ለእሷ ነበር የሚነገረው። ሁለት ዓመት ሆናት።»

«ኦቦ ገመዳስ? ሄጄ ልንገረው?»

«ምን ያድርግበት? እሱ ድሮም አምኖኛል። አንቺ እንዲቀልልሽ ሽማግሌ አታስለቅሺ።» መድኃኒቱን ገፋ አደረገችልኝ። «ከምግብ በፊት፣ ጠዋትና ማታ» አለችና ከኋላዬ የቆመውን ሰው «አቤት» አለችው።

ሳልወድ ወጣሁ። አባቴን ስጠላ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ቀላል ነበር፣ ምክንያቱም እሱ ትልቅ ሰው ነበር፣ እኔ ደግሞ አሥር ዓመቴ። ያቺን የአሥር ዓመት ልጅ ይቅር ብያታለሁ። ይቅር ልላት ያቃተኝ ሃያ የሞላትን፣ ሠላሳ የሞላትን፣ ደመወዝ ተቀባይ የሆነችውን ነው። አዴ በሊሴ ከዚያ ሽምግልና በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት ኖራለች። በቅርቡ መንገዱ በግጭት የተዘጋባቸው ወራት ነበሩ፤ እሱን አውቃለሁ፣ በዚያ ማመካኘትም እችል ነበር። ከዚያ በፊት ግን ዓመቱን ሙሉ፣ በየቀኑ ጠዋት፣ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ አውቶቡስ ነበር።