ለፈረሰ ቤት የተቀመጥነው ለቅሶ

እናቴ ከደሴ ልትጠይቀኝ በመጣች ሰሞን ጎረቤቴ፣ ግብጻዊው ሽማግሌ፣ እህል አልቀምስ አሉ። የግብጿ ሳትሆን የአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ ነበርን፤ በራቸው ከበሬ ፊት ለፊት። ስኳር አለባቸው። ሳይበሉ መድኃኒቱን ከወሰዱ ራሱ መድኃኒቱ ይጥላቸዋል። እኔ ደግሞ እኚህን ሰው ማጣት አልችልም። አገሩን ሳላውቀው፣ መኪና ሳይኖረኝ፣ ሆቴል የማለዳ ሺፍት ስገባ፣ አውቶቡስ በማይጀምርበት ሰዓት ዊንተሩን ሙሉ በታክሲያቸው ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ከተማ ዘመድ ሞልቶኝ «ኮል አድርጊልን እንጂ!» ከማለት በቀር በሬን ያንኳኳ አልነበረም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውን እኔ ኖሬዋለሁ።

ሽማግሌው የተወለዱት ግብጽ ውስጥ ከሉክሶር ከተማ ማዶ፣ ተራራው የጥንት ሰዎች መቃብር በተፈለፈለበት መንደር ነው። ቤታቸው ከመቃብሩ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነበር። እንዲያውም የጓዳቸው የኋላ በር የሚያስገባው አንዱ መቃብር ውስጥ ነው፤ ስሙን ማንም የማያውቀው፣ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የሞተ ሰው ክፍል። እናታቸው እህል የሚያስቀምጡት እዚያ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ነቀዝም አይደፍረው። እሳቸውን በልጅነታቸው እህል አምጣ ብለው ሲልኳቸው «መጀመሪያ ባለቤቱን ሰላም በል!» ይሏቸዋል። ሽማግሌው ይህን ታክሲ ውስጥ ሲያወሩኝ በሳቅ እሞት ነበር። እንግዲህ መንግሥት መቃብሮቹ ይጠበቁ ብሎ መንደሩን አስነሳው። ለሰዎቹ ሌላ ቦታ አዲስ ቤት ተሰጣቸው፤ የድሮው ፈረሰ። የወንድማቸው ልጅ የፍርስራሹን ፎቶ በኢሜይል ላከላቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መጋረጃቸውን ዘግተው ተኙ። ፌርፋክስ የሚኖረው ልጃቸው መጣና በእንግሊዝኛ «አባዬ፣ የጭቃ ቤት እኮ ነው፤ ጥሩ አፓርትመንት አለህ አይደል?» ብሏቸው ሄደ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ እዚህ ተወልዶ ያደገ ነው። ሾርባ ወሰድኩላቸው፣ አልነኩትም። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩብኝ። ተናደድኩ፤ እኔ ስፈራ የምናደድ ሰው ነኝ።

ነገሩን ለእናቴ ነገርኳት።

«እና ለቅሶ ማን ደረሳቸው?» አለች።

«እማዬ፣ የሞተ ሰው እኮ የለም!»

«ሰባት ትውልድ የኖረበት ቤት ፈርሶ? እዝን ያደረሰላቸው የለም? አብሯቸው የተቀመጠ የለም? አዬ ጉድ! እናንተ እዚህ አገር ጎረቤት የምትሉት ምኑን ነው?»

«ሰው ይስቅብናል።»

«ይሳቃ!»

እሷ ካለች አለች ነው። በማግስቱ ጥቁር ሻሿን አስራ፣ ለእዝን የሚሆን ምግብ ሠርታ ተነሳች። ከላያችን የምትኖረውን የአዲስ አበባ ልጅ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አግኝታ «ፊት ለፊታችን ለቅሶ አለ» ብላታለች። ያቺም የማን ነው ብላ ሳትጠይቅ ድስቷን አቅፋ ከተፍ አለች።

ሽማግሌው በሩን ሲከፍቱ እናቴ ገብታ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። የአዲስ አበባዋ ከበሩ ጀምራ «ወይኔ፣ ወይኔ!» እያለች ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የአዲስ አበባዋ ተጠጋችኝና በሹክሹክታ «ሟቹ ማናቸው?» አለችኝ።

«ቤት ነው» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «ይብላኝ ለሳቸው!» ብላ ልቅሶዋን ቀጠለች።

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው እኔን አዩኝ። በእንግሊዝኛ፣ «እናቴ ለቤትዎ ለቅሶ ልትደርስዎ ነው የመጣችው» አልኳቸው። የበሩን እጀታ ለቀቁ። ከዚያ መጥተው አጠገቧ ቁጭ አሉና እንደ ሕፃን አለቀሱ። እናቴ «አብሽሩ፣ ወንድሜ፣ አብሽሩ» ትላቸዋለች። ለዚህ እንኳ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም፤ ወሎም ግብጽም ሰው በዚህ ቃል ይጽናናል። ሲበርድላቸው ሳህን አቀረበችላቸው። አልፈልግም ለማለት እጃቸውን ሊያወዛውዙ ሲሉ «ሐዘንተኛ እዝን አይመልስም፣ ነውር ነው በያቸው» አለችኝ። አልኳቸው። እሳቸውም በሉ! መጀመሪያ አንድ ጉርሻ፣ ቀጥሎ ሌላ። አልሐምዱሊላህ፣ ያን ቀን እናቴን እግሯ ላይ ወድቄ ብስማት ደስ ባለኝ።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ልጃቸው መጣ። በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማነው የሞተው?» አለኝ።

ለእናቴ ተረጎምኩላት። «ቤታችሁ በይው» አለች፣ ቀና ብላም አላየችው።

አሁን ይስቅብናል፣ ወይም ይጮህብናል ብዬ ልክ ላስገባው አፌን አዘጋጅቼ ነበር። ልጁ አባቱን አየ፤ ዓይናቸው አብጧል፣ ግን ተላጭተዋል፣ ከፊታቸው የተበላበት ሳህን አለ። ጫማውን አወለቀና አጠገባቸው ተቀመጠ። ከዚያ በዚያው በእንግሊዝኛው፣ ቀስ ብሎ፣ «አባዬ፣ አንተ የምትተኛው የትኛው ክፍል ነበር?» አላቸው።

ሽማግሌው ምንጣፉ ላይ በጣታቸው የቤቱን በር አሰመሩ፣ ከበሩ ቀጥሎ ግቢውን፣ ከግቢው ቀጥሎ ደረጃውን። ልጁ ለማየት ጎንበስ አለ።

እናቴ ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ።

«እንሂድ» አለች፣ «አሁን ዘመድ መጥቶላቸዋል።»