አረንጓዴዋ «እሺ»

ከመርሳ የወጣሁት ማታ ነው፤ ተደብቄ ሳይሆን ሚኒባሱ ሲቆይብን መሽቶ። እናቴ ለመንገድ ብርቱካን አሲዛ፣ «አላህ ከክፉ ይሰውርህ» ብላ ደጋግማ ሳመችኝ። ውርጌሳ ስንደርስ ሰይድ ተሳፈረ። የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ እኔ ወልድያ ኮንስትራክሽን ተምሬያለሁ፣ እሱ ፌሮ እያሰረ ነው ያደገው። «የእናቴ ቤት ግድግዳው ቆሟል፤ ቆርቆሮ ባለብስላት ይበቃኛል» አለኝ። ሌላ ምኞት አልነበረውም።

ለግንባታ ሥራ የሄድንባት ዐረብ አገር፣ ሻርጃ፣ እንዲህ ናት እንዳልላችሁ፣ ያየሁት ሕንፃና አሸዋ ነው። የመርሳ ሙቀት እንኳ ማታ ማታ ሰው ይለቃል፤ የዚህኛው አብሮ ይተኛል። ቀዝቃዛውን ቧንቧ ስትከፍቱት ለሻይ የደረሰ ውኃ ይሰጣችኋል። ምግቡ ዛሬ ሩዝ፣ ነገም ሩዝ። ድርጅቱ ደግሞ ወረቀት ትቶ ሥራውን ሁሉ በአፕ አድርጎታል፤ ለየቡድኑ መሪ ታብሌት ታደለ። በየአገራችን ቋንቋ ተተርጉሟል ሲሉን ደስ አለን። ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ሥር አረንጓዴ ቁልፍ አለች፤ አማርኛዋ «እሺ» ይላል።

አንድ ጠዋት ለፌሮ አሳሪዎቹ መሪ ለሰይድ «የሶሌታው ፌሮ ይታሰር» የሚል ትእዛዝ መጣለት፤ አርማታ ከመፍሰሱ በፊት የሚታሰረው የወለሉ ብረት ማለት ነው። ቁልፏን ነክቶ እሺ አለ፣ እንደማናችንም። ቢሮ ያለው ኮምፒዩተር ግን «ተጠናቋል» ብሎ ተቀበለው። ግማሹ እንኳ ሳይታሰር የአርማታ መኪኖች መጥተው ተሰለፉ፤ ፀሐይ ላይ ቆመው ቆመው፣ አርማታው ሊደርቅ ሲል ተደፋ።

የሥራው ኢንጂነር እኔንና ሰይድን አስጠራን። አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

«ጨርሻለሁ ብሎ ለምን ዋሸ?»

«አልዋሸም፤ እሺ ነው ያለው።»

«እሺ ማለት ምንድን ነው?»

«ሰምቻለሁ ማለት ነው።»

«ሰምቶ ይሠራዋል ማለት ነው?»

«እንደ ሁኔታው።»

«አልሠራም ለማለትስ ምን ትላላችሁ?»

«እሱንም እሺ ነው የምንለው» አልኩት።

ከልቡ ሳቀ። የሰይድ ቪዛ ግን ቀድሞ ተሰርዟል፤ አንዴ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል፣ አይመለስም አለኝ። ለሰይድ ነገርኩት። «አብሽር፣ ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ እንጀራ አይጠፋም» አለና ልብሱን ሊሰበስብ ሄደ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

እሱ ከሄደ በኋላ ኢንጂነሩ ጠርቶ፣ «ቁልፎቹን አንተው ሰይማቸው» አለኝ። «እሺ»ን ለሁለት ከፈልኳት፤ አንዷ «አየሁት»፣ ሌላዋ «ጨረስኩ»። ከዚያ ወዲህ መኪና ያለጊዜው መጥቶ አያውቅም። የእኔም ሥራ ታብሌት ሆኗል፤ ጥላ ውስጥ ነው የምውለው። ደስ ብሎኛል ብል ግን ዋሸኋችሁ።

ባለፈው ጁምዓ እናቴ ጋ ብደውል ሰይድ አነሳው። ከጀርባው ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል።

«ቤቱን አለበስከው እንዴ?» አልኩት።

«የናንተ ቤት ነኝ። የኛማ ገና ሰማይ ነው። ክረምቱ እስኪያልፍ እዚህ ሁኑ ብላን ነው እናትህ። ያንተ መደብ ላይ ነው የምተኛው፤ እንዳይከፋህ።»

አይከፋኝም ልለው ስል የእናቴ ድምፅ ከወዲያ መጣ። «ልጄ፣ ና ብላ እንጂ፤ ቀዘቀዘ እኮ።»

እኔና ሰይድ እኩል «መጣሁ» አልን።